ከሲጋራ ፓኮ የወጣችው እመቤት

ሳን ኢልዴፎንሶ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1905

ውድ እህቴ ናርሲሳ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ ደኅና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ ሌላ የማማርረው ነገር የለኝም። መልስ ሳልጽፍልሽ ይህን ያህል በመቆየቴ አትቀየሚኝ። ለመጻፍ በተቀመጥሁ ቁጥር የምነግርሽ ነገር ያስቀኛል፤ ከሳቄ ስመለስ ደግሞ ያስፈራኛል።

መጀመሪያ ለጠየቅሽኝ፤ አይ፣ እማዬ ከመሐላዋ አልተመለሰችም። እስከ ደብዳቤው መጨረሻ ልብሽ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርሽ። እማዬ በቅዱስ ቁርባኑ ፊት ተንበርክካ «ከቴያትር መድረክ እስክትወርድ ድረስ የናርሲሳን ፊት ዓይኔ አያይም» ብላ የማለችውን መሐላ፣ ካንቺ መሄድ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ አላላላችውም። አባ ራሳቸው «መሐላውን ልፍታልሽ» ቢሏት «እኔ የማልኩት ለእርስዎ አይደለም» ብላ መለሰቻቸው። ታውቂያት የለ።

አሁን ቁጭ ብለሽ ስሚኝ። እማዬ ሲጋራዋን አልተወችም፤ እንዲያውም የዓይኗ ሞራ እየበረታ ሲሄድ እሷም ጨመረች። «ጭሱን ባላየውም ይሸተኛል» ትላለች። የምታጨሰው ያንኑ ጎሎንድሪና፣ ፓኮው ላይ ወፊቱ ያለችበትን ነው። ካለፈው ጾም ወዲህ በየፓኮው ውስጥ አንድ አንድ ካርድ ይገኛል፤ የተዋናዮችና የዘፋኞች ፎቶግራፍ። ወንዶቹ ዶን ናቦር ሱቅ ደጃፍ ተኮልኩለው እንደ ልጅ ይለዋወጡታል። «ያቺን ባለ ላባዋን ስጠኝ፣ ሁለት ጢማሞች እሰጥሃለሁ» ሲባባሉ ይውላሉ። እማዬ ግን የሚደርሳትን ሁሉ ለምድጃ ማቀጣጠያ ነበር የምታደርገው።

በሴፕቴምበር አንድ ጠዋት ፓኮዋን ከፈተችና ካርዱን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ስታየው ቆየች። ከዚያ አማተበች። «ብራውሊያ ነይ! እመቤታችን በሲጋራ ፓኮ መጣችልኝ!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ሄጄ አየሁት። ጥቁር መጎናጸፊያ፣ የተጣመሩ እጆች፣ ወደ ሰማይ ያቀኑ ዓይኖች፤ የኀዘን እመቤታችን ራሷ ናት። ከመጎናጸፊያው ሥር ያለው ፊት ግን ያንቺ ነው። ጀርባውን ገልብጬ ባነብ ቁጥሩም፣ የመድረክ ስምሽም፣ የሲጋራው ማስታወቂያም ተጽፏል። ፊደል የማትለይ መሆኗ በጀኝ።

«እሷው ናት አይደል?» አለችኝ። ምን ልበላት? «እሷው ናት፣ እማዬ» አልኋት። ዋሸሽ እንዳትይኝ፤ እሷው ነሻ።

ቆርቆሮ ሠሪው ዙሪያሽን በቆርቆሮ ከፈፈሽ። አሁን ከእማዬ ራስጌ ግድግዳው ላይ ተሰቅለሽ ጠዋትና ማታ ሻማ ይበራልሻል። «ይህች እመቤት እናቴን ትመስላለች» ትላለች። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጓሮ እወጣለሁ፤ እዚያ ስደርስ ሳቁ ይጠፋብኛል።

ምን ላድርግ? ጻፊልኝ።

እህትሽ ብራውሊያ


ፑዌብላ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1905

እትዬ ብራውሊያ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ፊቴን ተቀብቼ ግማሹን ሳልቀባ ነው። ሳቄን ሰምተው ሴቶቹ ሁሉ መጡ። ከዚያ አለቀስኩና ቀለሙ ሁሉ ወረደ፤ የቡድኑ አለቃ «መጋረጃው ሊከፈት ነው፣ አንቺ እዚህ ጎርፍ ታወርጃለሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። ያን ምሽት ያኮረፈች ሚስት ሆኜ ስጫወት እንደዚያ ያለ ጭብጨባ አግኝቼ አላውቅም።

ሥዕሉ ከየት መጣ ላልሽው፤ በሕማማት ሰሞን ዘፈንና ዳንኪራ ክልክል ስለሆነ ቴያትር ቤቶች ሁሉ የጌታን ሕማም ነው የሚያሳዩት። ዓመቱን ሙሉ ባሏን የምታታልል ሚስት ሆና የተጫወተች ያን ሳምንት እመቤታችንን ትሆናለች። አምና ዕጣው ለኔ ደረሰ። ፎቶ አንሺው የጎሎንድሪና ሰዎች የላኩት ነው። መጎናጸፊያው የተውሶ ነበር፤ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነው እንጂ ሁለት እኔን ይጠቀልላል። ያ ዓይኔ ላይ ያለው ኀዘን ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የረሃብ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቀጥ ብለሽ ቁሚ ሲለኝ ውሎ አንዲት የቶርቲያ ቂጣ አልቀመስኩም። ሌሎቹ ሴቶች በጥብቅ ሱሪና በላባ ነው የተነሱት፤ በኔ ላይ ቀልደውብኛል፤ «አንቺን ማን ይሰበስብሻል፣ መነኩሲት!» ብለው።

ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ስምንት ዓመት ሙሉ ስንት ዓይን አየኝ እትዬ፤ አይቶኝ ሻማ ያበራልኝ ግን የለም። ያለችበት ትኑር። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ለሥዕሉ ስትጸልይ ምን ምን እንደምትል ጻፊልኝ። ስሜን ታነሳለች? ኃጢአት ከሆነ እኔ እናዘዘዋለሁ፤ አንቺ ጻፊልኝ ብቻ።

ከአዲስ ዓመት በኋላ ወደ ሜሪዳ እንሄዳለን። ከቬራክሩዝ በመርከብ ነው። ባሕር እፈራለሁ፤ ግን እመቤት ሆኜ መፍራት ደስ አይልም።

እጅሽን የምስም ናርሲሳሽ


ሳን ኢልዴፎንሶ፣ ማርች 4 ቀን 1906

ውድ ናርሲሳ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከሜሪዳ የላክሽው ደርሶኛል፤ ሙቀቱም ትንኙም ብዙ ነው ማለትሽን አይቼ አዘንሁ። ውኃ አፍልተሽ ጠጪ፤ ትስቂብኛለሽ እንጂ አፍልተሽ ጠጪ።

ስምሽን ታነሳለች ወይ አልሽኝ። ሌላ ምን ታነሳለች? ለእኔ አንድም ቀን ናርሲሳ ብላ አታውቅም፤ ያውም እኔ ከጠራሁሽ ክፍሉን ትታ ትወጣለች። ከሥዕሉ ጋር ብቻዋን ስትሆን ግን ሌላ ሰው ናት። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ የሰማሁትን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«አንቺም ልጅሽን አጥተሻል፤ እኔም አጥቻለሁ። ያንቺው ግን በሦስተኛው ቀን ተነሣልሽ። የኔይቱስ? ሞታ ቢሆን አርፌ አለቅስ ነበር። በሕይወት ላለ ሰው እንዴት ተብሎ ይለቀሳል? ከዚያ ከቴያትር አውጪልኝ። ሰው አጨበጨበላት ብዬ አይደለም፤ የሚያጨበጭብ ሰው ቤቱ ሲገባ ይረሳታል። ሳይረሷት ወደኔ መልሻት። ዓይኔ ሳይጠፋ።»

ሌላ ቀን ደግሞ ተቆጥታ፦ «እኔ መማል አልነበረብኝም ብለሽ ታስቢያለሽ? እኔም አስባለሁ። ግን ምዬአለሁ፤ ለልጅሽ ነው የማልኩት፤ እሱን ጠይቂው።»

ሌላ ቀን ሲጋራዋን አቀጣጥላ ጭሱን ወዳንቺ እፍ አለችልሽና «ይኸውልሽ፣ ከዚህ ነው የመጣሽው፤ አትጸየፊው» አለችሽ።

ጎረቤታችን ዶኛ ቶማሳ ደግሞ በጎን መጥተው ስለ ወገባቸው ሊለምኑሽ ጀምረዋል። በስተርጅና ከአባ ሠራተኛ ፊደል ተምረው አሁን ያገኙትን ሁሉ እየጠሩ ያነባሉ፤ የዱቄት ጆንያ ሳይቀር። ስለዚህ ጀርባሽን እንዳያዩ እጠነቀቃለሁ። ደግነቱ ጀርባሽ ወደ ግድግዳ ነው። ዶን ናቦር ግን ያወቁ ይመስለኛል። ባለፈው ሲጋራ ይዘውልን መጥተው ሥዕሉን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከዚያ እኔን አይተው ሳል ያዛቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ አይናገሩም።

እያት እንግዲህ፤ የምትጠላሽ መስሎሽ ከሆነ አትጠላሽም። የያዛት መሐላው ነው። አንቺስ ያ መድረክ ይህን ያህል ነው ወይ? አልጨቀጭቅሽም። አንዴ ብቻ ጠየቅሁ።

እህትሽ ብራውሊያ


ሜሪዳ፣ ጁላይ 22 ቀን 1906

እትዬ፣

ለአራቱ ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ይቅርታ። ደርሰውኛል። አሞኝ ነበር፤ አሁን ድኛለሁ። ጽሕፈቱ የኔ ካልመሰለሽ እጄ ስለደከመ ነው።

ቡድኑ ያለ እኔ ወደ ሃቫና ተሻገረ። አዎ፣ ከመድረክ ወርጃለሁ። አዎ፣ ለዘለዓለም ነው። የምኖረው ከአንዲት ባልቴት ቤት፣ ለልብስ ሰፊ ጥልፍ እየሠራሁ ነው። ማንም አልበደለኝም። የምታስቢው ዓይነት ነገርም አይደለም፤ ሰው የለም፣ ልጅም የለም። እንዲህ ቢሆን እንኳ ለአንቺ አልደብቅም ነበር።

«ታዲያ ከወረድሽ ለምን አትመጪም?» ብለሽ እንደምትጽፊልኝ አውቃለሁ። አትጻፊው። ከመድረክ መውረዴንም ለእማዬ አትንገሪያት። ከነገርሻት ትጠራኛለች፤ ከጠራችኝ እምቢ ማለት አልችልም። ሥዕሉ እዚያው ይኑር። እሱ ይሻላታል።

አሁንም ስሜን ታነሳለች?

ናርሲሳ


ሳን ኢልዴፎንሶ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1906

ናርሲሳ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጄ፣ ጀምሬ ቀድጄ ይኸው ሳምንት ሆነ። የሆነው ይሁን፣ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

እዚህ አገር ልመና ያልሰማ ቅዱስ ምን እንደሚደረግ አልረሳሽም። ቅዱስ አንቶኒዮስ ባል ሳይሰጥ ሲቀር በራሱ ተዘቅዝቆ ሲሰቀል አብረን አይተን ስቀናል። እማዬም በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ዓይኗ ጨርሶ ሲጨልም፣ አንድ ጠዋት ተነሣችና እጇን ግድግዳው ላይ እየዳበሰች ሄደች። «ዓመት ሙሉ ለመንኩሽ። ሻማዬን በላሽ፣ ጭሴን ጠጣሽ፣ ልጄን አላመጣሽም። ዓይኔም አለቀ። በይ እንግዲህ ተቀጪ፤ ግድግዳ ስታዪ ክረሚ!» አለችና አዞረችሽ።

እኔ ወፍጮ ቤት ነበርሁ። ስመለስ ዶኛ ቶማሳ መጥተው ከሥዕሉ ፊት ቆመዋል። ጀርባሽ ወደ ሰው ዞሯል። እሳቸው ደግሞ ጣታቸውን ሰክተው እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፦ «ጎሎንድሪናን ያጭሱ። ጉሮሮ አይከረክርም። ቁጥር ሠላሳ ሰባት። ናርሲሳ ዴል ሪዮ። ዘፋኝ። የሳን... የሳን ኢልዴፎንሶ ተወላጅ።»

ዶኛ ቶማሳ ያነበቡት ምን እንደሆነ የገባቸው ካነበቡት በኋላ ነው። መጎናጸፊያቸውን ይዘው ወጡ፤ እስካሁን አልተመለሱም።

እማዬ አልጮኸችም። ብትጮህ ደስ ባለኝ። «ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«አዎ።»

«እሷስ? እዚህ መሰቀሏን ታውቃለች?»

ይህንንም አመንሁ። የምትጸልየውን እየሰማሁ እንደምጽፍልሽ ግን አፌ አልታዘዘኝም። እሷው ደረሰችበት። «የነገርኳትን ሁሉ ነግረሻታል» አለችኝ፤ ጥያቄ አልነበረም። ፊቷን አዙራ ተኛች። ለቀናት ከአቶሌ አጥሚት በቀር አልቀመሰችም፤ ሲጋራም አላለችም። ሥዕሉን ግን አላወረደችውም፣ አላቃጠለችውምም። የጸለዩበትን ነገር ማቃጠል ኃጢአት ነው፤ ማቆየቱም ኃጢአት ሆነባት።

ያን ጊዜ አላስቻለኝም። ከመድረክ መውረድሽንም ነገርኋት። አደራሽን በላሁ፤ ምን ትይኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ቤት ግን አንዱ እውነት በመጣ ቁጥር ሌላው ጨለመ። «መቼ?» አለችኝ። «ከጁላይ ወዲህ» አልኋት። ስቃ አታውቅም፣ ያን ቀን ሳቀች፤ ሳቋ ግን አያስደስትም። «እንግዲህ እመቤታችን ልመናዬን ሰምታኛለች፤ እኔ ነኝ የሰማችኝን የቀጣሁ። አንቺ ደግሞ አየሽኝና ዝም አልሽ።» ከሁሉ ይህ ነው የገደለኝ።

ትናንት ማለዳ አስነሥታ «ወረቀት አምጪ» አለችኝ። የጻፍሁት ቃል በቃል ይኸው፦

«ናርሲሳ። እኔ እናትሽ ኩስቶዲያ ነኝ። ፊትሽን ዓይኔ አያይም ብዬ ምዬ ነበር። አንቺ ከመድረክ ወርደሻል፤ ስለዚህ መሐላው አልቋል። አላለቀም የሚል ካለም ዓይኔ ጠፍቷል፤ ላይሽ ብፈልግም አልችልም። እጄ ግን አልማለም። ፊትሽን በእጄ ልየውና ልመርቅሽ። ሳልሞት ነይ።»

እንግዲህ ምን ትጠብቂያለሽ?

ብራውሊያ


ሜሪዳ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1906

እትዬ ብራውሊያ፣

አደራሽን በላሁ ላልሽው አልተቆጣሁም። አንቺ ባትበዪው እኔ እዚህ እየበላሁት እሞት ነበር።

አሁን ልንገርሽ። የያዘኝ ፈንጣጣ ነው። ከመኝታ ቤቱ መስታወቱን አስወጥተውት ነበር፤ ስድን ባልቴቷን ለምኜ አስመለስኩት፤ ከዚያ እኔው ራሴ አስወጣሁት። ጉንጬም፣ ግንባሬም፣ አፍንጫዬም የቀረ ቦታ የለም። ጉሮሮዬም ውስጥ ወርዶ ነበር፤ የምናገረው እንደ ሽማግሌ ወንድ እየሻከረ ነው። ዘፈን ቀርቶ ሰው ስጠራ ዞሮ የሚያይ የለም። ከመድረክ ወረድኩ ያልኩሽ ይህ ነው። ለእማዬ መሐላ ብዬ ቢሆን ምን ነበረበት።

ለምን አትመጪም ላልሽኝ ሁሉ መልሱ ይህ ነበር። ፊቴ በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር እትዬ፤ በእማዬ ራስጌ። ባለፈው ወር ክር ልገዛ ሱቅ ገብቼ ሳለ አንድ ሰውዬ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ለባለሱቁ ያሳያል። ሠላሳ ሰባት ቁጥር ከእጁ አምልጣ እግሬ ሥር ወደቀች። አንሥቼ ሰጠሁት። «ቆንጆ ናት፣ አይደለችም?» አለኝ። «ናት» አልኩት። «ታውቂያታለሽ?» አለኝ። «አላውቃትም» አልኩት። እውነቴን ነው።

ግን «እጄ አልማለም» አለች። ይህን ቃል ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እመጣለሁ። ከቬራክሩዝ ወዲህ በባቡር ነው፤ ከገና በፊት እደርሳለሁ።

ስለ ፊቴ አስቀድመሽ አትንገሪያት። ያለችበትን ሁኔታ ታውቂያለሽ፤ ሌሊቱን ሁሉ ስታስበው ማደር ነው። እኔው በአፌ እነግራታለሁ፤ እጇን ይዤ ቀስ አድርጌ ፊቴ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እናት ናት፣ ይገባታል።

ናርሲሳ


ሳን ኢልዴፎንሶ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1907

ናርሲሳ፣ ናርሲሳዬ፣

ሳትሰናበቺኝ ለምን ሄድሽ? አልጋሽን አንጥፈሽ፣ ቡና የጠጣሽበትን አጥበሽ፣ እንደ እንግዳ ወጣሽ። ሞሬሊያ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ እንዳለሽ የነገሩኝ ዶን ናቦር ናቸው፤ ባቡር ጣቢያ አይተውሽ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር አሉ። ለእርሳቸው እንኳ አንዲት ቃል ተናግረሻል።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሆነውን ልንገርሽ፤ ትወቅሺኝ እንደሆነ ውቀሺኝ። እኔ ራሴን ወቅሼ ጨርሻለሁ።

ያን ቀን ከሜሪዳ መምጣትሽን ነግረሻት እጇን ፊትሽ ላይ ስታስቀምጪ እኔ በር ላይ ነበርሁ። ጣቶቿ ሲሄዱ፣ ሲቆሙ፣ እንደገና ሲሄዱ አየሁ። «ይህች ልጄ አይደለችም» አለች። ስለ ሰማያዊዋ ዶሮ ነገርሻት፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ እማዬ ራሷ በገመድ ወርዳ ያወጣቻትን። «ይህን ብራውሊያ ነግራሻለች» አለች። በልጅነትሽ የምትዘምሪላትን መዝሙር ልትጀምሪላት አፍሽን ከፈትሽ፤ ድምፅሽ ሲወጣ ራሷን ነቀነቀች። እኔ መጥቼ «እማዬ፣ በፈጠረሽ፣ እሷው ናት!» ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

ከሄድሽ በኋላ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? እጄን ያዘችኝ፤ አልተቆጣችም። «ያቺን ምስኪን ሴት አትቆጪያት። አዝነሽልኝ ነው ከየትም ፈልገሽ ያመጣሻት፤ ልብሽ ደግ ነው። ግን ብራውሊያ፣ ዓመት ሙሉ ሥዕሉን 'እሷው ናት' አልሽኝ። ከዚያ ከመድረክ መውረዷን ደበቅሽኝ። አሁን ደግሞ ይህችን 'እሷው ናት' ትይኛለሽ። የልጄን ፊት ዓመት ሙሉ አፍንጫዬ ሥር ይዤ ያየሁት ነው፤ አውቀዋለሁ።» ልምል ስጀምር አፌን በእጇ ከደነችው። «አትማዪ። በዚህ ቤት የተማለው ይበቃል» አለችኝ።

እንግዲህ የኔ ውሸት ነው ደጁን የዘጋብሽ። ለደግ ብዬ የዋሸሁት ሁሉ ተደምሮ አንዲቷን እውነት አስበላኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አሁን እግሯ አብጧል፤ ትንፋሿም አጭር ነው። ሐኪሙ ከጾም መግቢያ አታልፍም ይላል። ናርሲሳን ትጠብቃለች፤ ደጁ ሲንኳኳ ሁሉ «እሷ ናት?» ትላለች። ደግሞ አንቺንም ትጠይቃለች፦ «ያቺ የሜሪዳ ሴት የት ሄደች? ትራስ ስታስተካክል እጇ ደግ ነበር» ትላለች። ይህን ስሰማ ጓሮ ወጥቼ ጨርቅ አፌ ውስጥ ከትቼ ጮህሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውኃ ላመጣ ሄጄ ስመለስ ተንበርክከሽ ነበር፤ እጇ ራስሽ ላይ ነበር። እኔን ስታዩ ሁለታችሁም ዝም አላችሁ። ምን አለችሽ? እሷን ብጠይቃት «የሴቶች ነገር ነው» አለችኝ።

ተመለሺ። አባን አመጣለሁ፤ እርሳቸው ይመስክሩልሽ። ዶን ናቦርም ይመሰክራሉ። በግድም ቢሆን እናሳምናታለን።

ብራውሊያ


ሞሬሊያ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1907

እትዬ ብራውሊያ፣

ሳልሰናበትሽ የሄድኩት ፊትሽን ማየት ስላልቻልኩ ነው፤ ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ። ከሰማይ በታች የቀረሽኝ አንቺ ነሽ።

አባን አታምጪ። ዶን ናቦርንም ተያቸው። አስቢው እስቲ፤ እመኚ ብንላትና ብታምን ምን ታተርፋለች? ሻማ ያበራችለት ፊት እንዲህ መሆኑን ታውቃለች። ልጇ ከእግሯ ሥር ተንበርክካ ሳለ «አይደለሽም» ማለቷን ታውቃለች። የቀራት ትንፋሽ ለዚህ አይበቃም። መጠበቅ ትችላለች፤ ለምዳዋለች። መጸጸትን ግን አሁን አናስለምዳትም።

ምን አለችሽ ላልሽኝ እነግርሻለሁ፤ ለሌላ ሰው አልናገረውም።

አንቺ እንደወጣሽ «ነይ ቅረቢ» አለችኝ። «አትፍሪ፣ አልቆጣሽም። ብራውሊያ ናት ያስቸገረችሽ። ፈንጣጣ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«እናት አለችሽ?»

«አለችኝ።»

«እንዲህ መሆንሽን ታውቃለች?»

«አታውቅም» አልኳት።

«በፊትሽ አፍረሽ ነው ያልሄድሽላት?»

አዎ አልኳት። ያን ጊዜ ተቆጣች፤ ያንን የልጅነታችንን ቁጣ፣ ትዝ ይልሻል፣ ከንፈሯን ነክሳ። «ሞኝ! እናት መልክ ነው የምትፈልገው? የወለደ ሰው በመልክ ነው የሚያውቅ? እኔ ብሆን በጨለማ አውቃት ነበር! አንቺ እዚህ የሰው እናት እያስታመምሽ፣ ያንቺይቱ በር በር ታያለች። ሂጂላት። ዛሬውኑ ሂጂላት» አለችኝ።

እትዬ፣ አፌ ውስጥ ነበር። እማዬ እኔ ነኝ የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ነበር። ግን ልጇን በጨለማ እንደምታውቅ እርግጠኛ ናት፤ በዚህ እርግጠኝነት ነው ሌሊቱን የምትገፋው። እሱን ልነጥቃት አልቻልኩም።

«መርቂኝና ልሂድ» አልኳት። ተንበረከክኩ። እጇን ራሴ ላይ አድርጋ፦ «እናትሽ ሳትሞት ያድርስሽ። ፊትሽን እንዳመጣሽው ትቀበልሽ። ለእኔ ያልደረሰልኝን ለእሷ ያድርስላት» አለች። አሜን አልኩ። ከዚያ አንቺ ውኃውን ይዘሽ ገባሽ።

በመንገድ ሁሉ ሳስበው ነበር። ዘጠኝ ዓመት የፈለግኩት ይህ አልነበረም ወይ? ምርቃቱ የተሰጠው ለሌላ ሴት ነው፤ እጇ ያረፈው ግን በእኔ ራስ ላይ ነው። ከዚህ በላይ አልጠይቅም።

ልብስ ሰፊዋን አስፈቅጃለሁ፤ የሐሙስ ባቡር ይዤ እመጣለሁ። አልጋዋ አጠገብ አንጥፊልኝ፤ እስከ መጨረሻው ትራሷን እኔ አስተካክላለሁ። ልጇን ስትጠብቅ አብሬያት እጠብቃለሁ። አንቺም ከእንግዲህ በፊቷ ናርሲሳ ብለሽ እንዳትጠሪኝ። ደጁን ስትከፍቺልኝ «የሜሪዳዋ ሴት መጣች» በያት።

እህትሽ ናርሲሳ